ቪክስበርግ በእኛ ቤዝመንት እጇን የሰጠች ዕለት

ከባለቤቴ ከሙሉጌታ ጋር ለመጨረሻ ጊዜ አብረን የሠራነው ግማሽ ዓረፍተ ነገር ነው። ሻኮፒ ካለው መጋዘን የሌሊት ሺፍቱን ጨርሶ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ገባ፣ እጁን ታጠበ፣ የሰጠሁትን ፍርፍር ቆሞ በላ፣ ከዚያ እንደ ሁልጊዜው ከቤቱ ሥር ወዳለው ቤዝመንት ወረድን፣ እኔ ኮምፒዩተሩ ፊት ተቀመጥኩ፣ እሱ ከኋላዬ ባለችው የእንጨት ወንበር ላይ ሆኖ በአፍንጫው ረጅም ትንፋሽ ሳበና «በማግሥቱ ጠዋት፣ ነጠላ ሰረዝ» አለኝ። ተየብኩ። ጠበቅኩ። ሌላ ቃል አልመጣም። ዛሬ ደክሞኛል ነገ እንጨርሰዋለን ብሎ ተነሣ፣ ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ ወደ መኝታ ቤት ወጣ፣ እኔም ወደ ሥራ ስሄድ እንዳልቀሰቅሰው በሩን ቀስ ብዬ ዘጋሁት። ማታ ስመለስ እንደተኛ ነበር። ልቡ ነው አሉ ሐኪሞቹ።

ይህን ያነሣሁት ላሳዝናችሁ ብዬ አይደለም፣ ከዚያ በኋላ የሆነውን ለመናገር ግን ከዚህ ሌላ መጀመሪያ አጣሁለት። አስቀድሜ ግን አንድ ነገር ልበላችሁ፣ እኔ እንዲህ ያለ የመናፍስት ወሬ ሲነሣ ሳህን ላንሣ ብዬ ወደ ጓዳ የምገባ ሴት ነኝ። አባቴ ደብተራ ነበሩ፣ ቤታችን ክታብ ጻፉልኝ የሚል ሰው ጠፍቶበት አያውቅም፣ እና እሳቸው ራሳቸው እንግዳው ሲወጣ ወደ እኔ ዞር ብለው ሰው የሚፈራው ማንበብ የማይችለውን ነው ይሉኝ ነበር። ማንበብ ያስተማሩኝ ለዚሁ ይመስለኛል። ስለዚህ ከዚህ በታች የምጽፈውን ሌላ ሰው ቢነግረኝ ኖሮ፣ እመኑኝ፣ አንገቴን ነቅንቄ ዝም ነበር የምል።

ሙሉጌታ አገር ቤት የታሪክ አስተማሪ ነበር። እዚህ አሜሪካ መጥቶ ካርቶን ጫኝ ሲሆን ታሪኩን አልተወም፣ የተወው ማስተማሩን ነው። ብሉሚንግተን ካለው ቤታችን በመኪና ብዙም ሳይርቅ ሚሲሲፒ ያልፋል፣ እሁድ እሁድ ወንዙ ዳር እየወሰደኝ ይህ ውኃ ወደየት እንደሚሄድ ታውቂያለሽ ወይ ይለኝ ነበር። ውኃው ወደ ደቡብ ወርዶ ወርዶ ቪክስበርግ በምትባል ከተማ ሥር ያልፋል። ከመቶ ስልሳ ዓመት በፊት፣ አሜሪካኖች እርስ በርሳቸው ሲዋጉ፣ ይህች ከተማ በኮረብታዋ ላይ ምሽግ ሠርታ ወንዙን ዘጋች፣ የሰሜኑ ጦር በየብስም በውኃም መጥቶ ከበባት፣ አርባ ሰባት ቀን መድፍ ሲዘንብባት ሕዝቧ ኮረብታውን ቦርቡሮ ዋሻ ገባ፣ የበቅሎ ሥጋ በላ፣ በመጨረሻ ዛሬ ርችት በሚተኩሱበት በዚያ በነጻነት በዓላቸው ቀን እጇን ሰጠች። ሙሉጌታ ይህን ታሪክ በአማርኛ መጻፍ ጀመረ። የእጅ ጽሑፉ ዶሮ የጫረችው ይመስላል፣ እኔ ደግሞ አዲስ አበባ ሳለሁ አሥራ አራት ዓመት መሥሪያ ቤት ታይፒስት ነበርኩ፣ ስለዚህ እሱ ከሥራ ሲመጣ፣ እኔ ወደ ሆቴሉ የልብስ ማጠቢያ ከመሄዴ በፊት፣ ከሁለት ሰዓት እስከ አራት ሰዓት ነጠላ ሰረዙንም አራት ነጥቡንም ሳይቀር በቃሉ እየጠራልኝ እተይባለሁ። እንዲህ አድርገን በሃያ ዓመት አሥራ አንድ ምዕራፍ ጨረስን። የቀረው አሥራ ሁለተኛው ነበር፣ እጅ የሰጡበት ቀን። እዚያ ሲደርስ በሬ ገደል አይቶ እንደሚቆመው ቆመ።

ለምን እንደቆመ ጠይቄው አላውቅም። ከሰው ሰምቼ የማውቀው ይህን ብቻ ነው፣ በወጣትነቱ ሰሜን አንዲት ከተማ ውስጥ አስተማሪ ሳለ ከተማዋ ተከብባ ወራት ተርቧል፣ ከተማዋም በመጨረሻ ወድቃለች። ከእሱ ጋር ተመድቦ የነበረ ሌላ አስተማሪ ጋሽ ወርቅነህ ነው፣ አሁን እዚሁ አቅራቢያችን ብሩክሊን ሴንተር ይኖራል፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ሳይመጣ ቀርቶ አያውቅም። ሁለቱ ስለ ሌላ ሰው ጦርነት ሲከራከሩ ይውላሉ፣ ስለ ራሳቸው ትንፍሽ አይሉም። አንድ ቀን ጋሽ ወርቅነህ የተሸነፈ ጦር ታሪክ አያስፈልገውም፣ የለቅሶ ማስታወቂያ ይበቃዋል ሲለው ሙሉጌታ እየሳቀ «አንተስ ያኔ ባትሸነፍ ዛሬ ማን ሆነህ ነው ምሳዬን የምትበላው?» አለው። ጋሽ ወርቅነህ ማንኪያውን አስቀመጠ።

ሙሉጌታ በጥቅምት ከሞተ በኋላ መጽሐፉን አሳትመዋለሁ ብሎ የተነሣው ጋሽ ወርቅነህ ነው፣ ማተሚያ ቤትም ያገኘው እሱ ነው፣ ይህን ውለታ አልክድም። ችግሩ ግን የመጨረሻው ምዕራፍ ነው። እኔ እጽፈዋለሁ አለ። እንዴት አድርገህ ስለው፣ አዛዡ ከተማዋን ለጠላት ሸጣት፣ ወታደሮቹም ጠመንጃ ያስቀመጡ ለት ወንድነታቸውን አብረው አስቀመጡ፣ ብዬ እዘጋዋለሁ አለ። ወዳጆቼ፣ አሥራ አንድ ምዕራፍ በዚህች ጣቴ አልፏል፣ ሙሉጌታ ከእነዚያ ሰዎች አንዱን እንኳ አንድ ጊዜ ሲሰድብ አልሰማሁም። ስሙ ባለበት ሽፋን ውስጥ ይህ ቃል ከገባ ሁለተኛ ሞተ ማለት ነው። አይሆንም፣ እኔ እጨርሰዋለሁ አልኩት።

«እቴ ስንዱ፣ አትቀየሚኝና፣» አለኝ፣ «እሱ ተናጋሪ ነበር፣ አንቺ ጣት ነሽ። ጣት ምን ሊያወራ ነው?»

እስከ ሁለተኛው ቅዳሜ ሰጠኝ። ቅዳሜ መጥቼ ያለውን እወስዳለሁ፣ ሰኞ ማተሚያ ቤት ይገባል አለ።

ሁለት ሳምንት ሙሉ በየጠዋቱ ወረድኩ። «በማግሥቱ ጠዋት፣» የምትለዋን አያለሁ፣ ከእሷ ቀጥሎ አንድ ቃል እጽፋለሁ፣ አጠፋለሁ። የሙሉጌታን ዓረፍተ ነገር ከመሐሉ ጀምሬ መጨረሻውን መገመት የምችል ሰው ነኝ፣ ይህን ግን አልቻልኩም፣ ምክንያቱም አልነገረኝማ።

ዓርብ ጠዋት በረዶ ወረደ። የዚህ አገር በረዶ ብርቄ አይደለም፣ የዚያን ቀኑ ግን መስኮቱን አጋማሹ ድረስ የሸፈነ ነው፣ ሆቴሉ አትምጡ አለን፣ ነርስ የሆነችው ልጄ ሊዲያ ደውላ «ማሚ፣ ዶንት ጎ ኦውት» አለችኝ፣ አውሮፕላን ማረፊያውም ተዘጋ። እኛ ሰፈር አውሮፕላን በየደቂቃው ከጣራ በላይ ስለሚያልፍ ድምፁን አንሰማውም፣ ሲጠፋ ነው የምንሰማው። ሁለት ሰዓት ላይ ቤዝመንት ስወርድ ያ ዝምታ ከእኔ ጋር ደረጃውን የወረደ መሰለኝ።

እንደተቀመጥኩ የአካፋ ድምፅ ሰማሁ። ጫር፣ ጫር፣ ከዚያ ረፍት፣ ከዚያ ጫር። ጎረቤታችን ጡረተኛው ፈረንጅ የእኛንም መግቢያ እየጠረገ ይረዳናል፣ እሱ ነው ብዬ ደስ አለኝ፣ ትኩስ ነገር ልሰጠው ወጥቼ በሩን ከፈትኩ። ማንም የለም። በረዶው ላይ የወፍ እግር እንኳ አላረፈበትም። ያን ጊዜ ትዝ አለኝ፣ ሰውየው ክረምቱን ፍሎሪዳ ነው የሚያሳልፈው፣ ከገና በፊት ሄዷል።

ተመልሼ ወረድኩ። ድምፁ አለ። ማሞቂያው ይሆናል ብዬ አጠፋሁት፣ ድምፁ ቀጠለ። ውኃ የሚያወጣውን ፓምፕ ከሶኬቱ ነቀልኩት፣ ቀጠለ። እንግዲህ ስምንተኛውን ምዕራፍ የተየብኩት እኔ ነኝ፣ ከባቢዎቹ በምሽጉ ሥር ጉድጓድ እየቆፈሩ ባሩድ ሊቀብሩ ሲመጡ ውስጥ ያሉት ጆሯቸውን መሬት ላይ ለጥፈው ይሰሙ እንደነበር አውቃለሁ። ሳቄ መጣ፣ ቢሆንም እኔ የስልሳ ሦስት ዓመት ሴት፣ ነጠላዬን አንጥፌ ጆሮዬን ሲሚንቶው ላይ አደረግኩ። ይቆፍራሉ። አንድ ሰው አይደለም፣ ይቀባበላሉ፣ አንዱ ያስላል። ሲሚንቶው ደግሞ ማሞቂያው ጠፍቶ፣ ውጪው ያ ሁሉ ብርድ ሆኖ፣ ፀሐይ ሲሞቀው የዋለ ድንጋይ ይመስል ለብ ብሏል።

ከዚያ በአንድ ጊዜ ቆመ። ያ ዝምታ ከጩኸቱ ይልቅ አስፈራኝ፣ ተነሥቼ ወንበሬ ላይ ሄጄ ተቀመጥኩ፣ እጄንም ለማስቀመጫ ያህል ፊደሎቹ ላይ አደረግኩት። ከኋላዬ የእንጨቷ ወንበር ሲጥ አለች። ቀጥሎ በአፍንጫ የሚሳብ ረጅም ትንፋሽ።

አልዞርኩም። ለምን አልዞርሽም ያለኝ ሰው ብዙ ነው፣ ሃያ ዓመት ሲያጽፈኝ ዞሬ አላውቅም፣ ታይፒስት አይዞርም። ድምፅ ሰማሁ ብዬም አልምልላችሁም፣ ጆሮዬ የሰማው ትንፋሹን ብቻ ነው፣ ቃሉን የሰማችው ጣቴ ናት። መጀመሪያ የመጣው ግን የቀረው ዓረፍተ ነገር አልነበረም፣ ወደ ኋላ ተመለሺ የሚል ነው። አሥራ አንደኛው ምዕራፍ፣ ሁለቱ አዛዦች ከዛፍ ሥር ተገናኝተው የተነጋገሩበት፣ ሦስት ሰዓት የሚለውን ዘጠኝ ሰዓት በይው።

«ሦስት ሰዓት ብለኸኛል፣» አልኩ ጮክ ብዬ፣ እንደ ድሮዬ ተቆጥቼ። «ጠዋት ነው ብለህ ስለ ጤዛውም አጽፈኸኛል።»

ጣቴ አረመች። ጤዛውንም አወጣች። ከዚያ ወደ አሥራ ሁለተኛው ምዕራፍ ሄደች፣ ወደዚያች ነጠላ ሰረዝ፣ እንዲህም ብላ ቀጠለች፦

«በማግሥቱ ጠዋት፣ መድፉ ዝም ስላለ ማንም ከዋሻው አልወጣም። አርባ ሰባት ቀን ጩኸቱን ለምደውት ነበር፤ ዝምታውን አላመኑትም።»

እንዴት ብዬ ልንገራችሁ፣ ያን ጊዜ ፍርሃቱ ለቀቀኝ። ሃያ ዓመት ስተይብ እንደዚያ ቀን ተይቤ አላውቅም። ነጭ ጨርቅ በምሽጉ ላይ ተሰቀለ፣ ቀጫጭን ወታደሮች በሰልፍ ወጥተው ጠመንጃቸውን ከመሩ፣ ከባቢዎቹም አልጮኹም፣ አልፎከሩም፣ ቆመው አዩአቸው፣ ከዚያ ስልቻቸውን ፈተው ምግባቸውን ያካፍሏቸው ጀመር። አንድ ወጣት ደረቅ ዳቦ ተሰጠው። አልበላውም። በሸሚዙ ውስጥ ከግራ ብብቱ ሥር ሸጉጦ ኮረብታውን ወጣ፣ በከበባው ወራት ከድርሻዋ እየቆረሰች ታበላው የነበረች አሮጊት ወደ ነበረችበት ዋሻ ሄደ፣ አሮጊቷ ከሁለት ቀን በፊት ሞታለች፣ ዳቦውን የዋሻው ደፍ ላይ አኖረ፣ ከዚያ ጀርባውን ሳይሰጥ፣ ፊቱን ወደ ዋሻው እንዳደረገ፣ ወደ ኋላ እየተራመደ ወጣ።

እዚህ ላይ ጣቴን አነሣሁ። ከመቅደስ እንዲህ አድርገን የምንወጣ እኛ ነን፣ ፈረንጅ ይህን ከየት ያመጣዋል? ይህንኑ ጠየቅኩ። ትንፋሹ ብቻ ጠበቀኝ፣ ታጋሽ ነበር። ቀጠልኩ።

የመጀመሪያው አውሮፕላን በጣራችን ላይ ሲያልፍ መስኮቱ ተንቀጠቀጠ፣ ከኋላዬ የነበረው ትንፋሽም መሐል ላይ ተቋረጠ። ጠበቅኩ። ሰዓቱን አየሁ፣ አራት ሰዓት ነው። ዘጠኝ ገጽ ተጽፏል። ያን ጊዜ ዞርኩ፣ ወንበሯ ባዶ ናት፣ ክፍሉ ደግሞ ወዲያው በረዶ ሆነ፣ ማሞቂያውን ለካ አጥፍቼዋለሁ።

ሊዲያ ጋ ደወልኩና አዛዦቹ በስንት ሰዓት እንደተገናኙ ፈልጊልኝ አልኳት። ስልኳ ላይ አየችና «ስሪ ፒ ኤም፣ ማሚ። ዋይ?» አለችኝ። ከሰዓት በኋላ ሦስት፣ በእኛ ዘጠኝ ሰዓት። ሙሉጌታ ይጠቀምበት በነበረው የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ላይ ሦስት የሚል አይቶ እንዳለ በእኛ ሰዓት አጽፎኝ፣ ሁለቱን ጄኔራሎች ጤዛ ላይ አስቀምጧቸው ኖሯል፣ እዚህ አገር የመጣን ሰሞን ሁላችንም የሐኪም ቀጠሮ ያበላሸንበት ስህተት ነው። እኔ ያን መጽሐፍ ገልጬው አላውቅም። ማን አረመው?

ቅዳሜ መንገዱ ተጠርጎ ጋሽ ወርቅነህ መጣ። ጫማውን እያራገፈ ገና በሩ ላይ «እሺ፣ ጣቶቹ ምን አወሩ?» አለኝ። ገጾቹን ሰጠሁት፣ ምሳ ማሰናዳት ጀመርኩ፣ ጀርባዬን ሰጥቼው ሽንኩርት አቁላላለሁ። መጀመሪያ ላይ እህ፣ እህ ይል ነበር፣ የተማሪ ደብተር እንደሚያርም ሰው። እህ ማለቱን ሲተው ዞር ብዬ አየሁት፣ መነጽሩን አውልቋል፣ አንዱን ገጽ ደግሞ ደጋግሞ ያነባል።

«ሙሌ ነው የነገረሽ?»

ምኑን አልኩት።

«ዳቦውን።»

የነገረኝ የለም አልኩ፣ ስለ ራሱ ከበባ አንድ ቀን አንሥቶልኝ አያውቅም፣ አንተም ታውቃለህ።

«ያ ልጅ ሙሌ ነው፣» አለ። «ከተማዋ የወደቀች ለት ከገቡት ተዋጊዎች አንዱ ዳቦ ሰጠን። እኔ እዚያው ቆሜ በላሁ። እሱ ሸሚዙ ውስጥ ከተተና ለአከራያችን ለእማማ ይዞላት ሄደ፣ ሞታለች፣ እኔ ነኝ አብሬው የሄድኩት። ደጃፏ ላይ አስቀምጦላት ወደ ኋላ እየተራመደ ሲወጣ ሳቅኩበት። የምገባበት ሲጠፋኝ ነው የሳቅኩት፣ ግን ሳቅኩበት። ከጠላት እጅ በልተናል እንዳንባል ለማንም ላንናገር ተማማልን። አርባ ዓመት አለፈው፣ ስንዱ።»

ሽንኩርቱ ማረር ሲጀምር ነው የነቃሁ። ጋሽ ወርቅነህ ከኮቱ ኪስ የራሱን ምዕራፍ አወጣ፣ ጽፎት መጥቶ ነበር፣ ንጹሕ ወረቀት ላይ፣ ለሁለት ቀደደው፣ እንደገና ለአራት ቀደደውና ቆሻሻ መጣያው ውስጥ ከተተው። ሊስቅ እየሞከረ «ምሽጉን ለቅቄልሻለሁ፣» አለኝ፣ «በይ አሁን ምሳ አምጪ።»

መጽሐፉ ከፋሲካ በኋላ ወጣ። ሴንት ፖል ባለው የቤተ ክርስቲያናችን አዳራሽ ሲመረቅ ወንበር አልበቃ ብሎ ሰው ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል፣ ጴንጤዎቹም መጥተዋል፣ ከሻኮፒ መጋዘን የሺፍት ጓደኞቹ ዩኒፎርማቸውን እንደለበሱ መጥተዋል። ጋሽ ወርቅነህ ማይክ ይዞ የመጨረሻውን ምዕራፍ አነበበ፣ ዳቦው ጋ ሲደርስ መጽሐፉን አጠፈና ይህ ልጅ ሙሉጌታ ነው፣ ጎኑ ቆሞ የሳቀውም እኔ ነኝ አለ፣ ያንን ሁሉ ሰው ፊት ለፊት እያየ። ከኋላ ወንበር አንድ ሽማግሌ ተነሡ፣ እኔም ነበርኩበት አሉ፣ ከዚያ ሌላ ተነሣ፣ ከዚያ ሌላ፣ በተለያየ ወገን የነበሩ ሰዎች ናቸው፣ ስንት ዓመት እዚህ አንድ ከተማ ኖረው አንድም ቀን ያልተናገሩ። ሴቶቹ እልል አሉ። ጋሽ ወርቅነህ በዚያ ሁሉ እልልታ መሐል ስሜን ጠርቶ ከመድረኩ ላይ አቆመኝ፣ ሊዲያ እያለቀሰች ፎቶ ታነሣኛለች፣ እኔም ቀና ብዬ ቆምኩ፣ አልዋሽም፣ በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ረጅም ሆኜ አላውቅም።

ከዚያ ወዲህ ሰው ሁሉ የራሱን መልስ ይሰጠኛል። ሊዲያ የሐዘን ነገር ነው ትላለች፣ በእንቅልፉ ሲናገር ሰምተሽ ውስጥሽ ቀርቶ ይሆናል ትለኛለች። የንስሓ አባቴ ደግመሽ አትጠይቂ ብለውኛል። እኔ የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ያ አውሮፕላን ሲያልፍ ትንፋሹ ወደ ውስጥ ተስቦ ነበር፣ ልብ በሉ፣ ወደ ውስጥ፣ ሊናገር ሲል እንደሚስበው። ምዕራፉ አልቆ ነበር ወይስ የቀረ ነገር ነበረው? የዘጋሁት እኔ ነኝ፣ ማንም ዝጊው አላለኝም። ያነበቡት ሁሉ አልቋል፣ ከዚህ ወዲያ የሚጨመር የለም ይላሉ፣ ጋሽ ወርቅነህም እንዲሁ ይላል፣ ግን ሲል ዓይኔን አያየኝም።

መጽሐፉ ከመደብሮች አልቆ ማተሚያ ቤቱ ሁለተኛ እትም ጠይቋል። አሁን ከሁለት ሰዓት እስከ አራት ሰዓት ቤዝመንት እወርድና እርማት እሠራለሁ፣ በቀን አንድ ገጽ፣ ያ ትንፋሽ ከተመለሰ ቦታዬ ላይ እንዲያገኘኝ።